ጉልበተኛው ሲፈታስ?

ሥራችን በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ነው። ከዓመት እስከ ዓመት የምናየው ደብዳቤ፣ በደብዳቤውም ውስጥ የምንፈልገው ስሕተት ነው። ቁጥሩ ከቀኑ ጋር ያልተስማማ፣ አንድ ስም በሁለት ዐይነት ፊደል የተጻፈበት፣ «አባሪ አለው» ተብሎ አባሪው የጠፋ ወረቀት ሲያጋጥመን በቀይ እስክሪብቶ አስምረን ወደ መጣበት እንመልሰዋለን። ይህ ልማድ እስከ ቤታችን ተከትሎን ስለ መጣ፣ ሌላው ሰው ለመሣቅ የሚመለከተውን የቴሌቪዥን ፊልም እኛ የምንመለከተው ነገሩ ከየት እንደ ተቀዳና የቱ ላይ እንደ ተሳሳተ ለማወቅ ሆነ። ለዚሁም አንድ ደብተር አበጅተናል። ባለቤታችን ደብተሩን «የክስ መዝገብ» ትለዋለች።

ዛሬ ለአንባቢያን የምናቀርበው በዚህ ደብተር ስለ አንድ ፊልም የጻፍነውንና ሳንጽፈው የቀረነውን ነገር ነው።

ፊልሙ «ዘ ሲምፕሰንስ» የሚባለው፣ በአሜሪካ አገር በሥዕል የተሠራ የአንድ ቤተ ሰብ ቀልድ ነው። ማት ግሬይኒንግ የፈጠራቸው እነዚህ ቢጫ መልክ ያላቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በሌላ ትርኢት መካከል በአጭር በአጭሩ መታየት ጀመሩ፤ ራሳቸውን ችለው የቀረቡት ግን በ1989 መጨረሻ ነው። የምንናገርለት ክፍል «ጄኔራል ባርት» ሊባል የሚችለው፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1990 የታየው ነው። ደራሲው ጆን ስዋርትዝዌልደር፣ አዘጋጁ ዴቪድ ሲልቨርማን ናቸው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የዐሥር ዓመቱ ልጅ የባርት እኅት ሊሳ ለአስተማሪዋ ትንንሽ ኬኮች ጋግራ ስትሄድ፣ ከጉልበተኛው ከኔልሰን ተከታዮች አንዱ ነጥቆ ረገጠባት። ባርት ለእኅቱ ተቆጥቶ ሲታገል ሳያስበው የኔልሰንን አፍንጫ አደማ። ኔልሰንም ከትምህርት በኋላ ቀጥሮ ደበደበው፤ ከዚያም በቆሻሻ በርሜል ከትቶ በቁልቁለቱ ወደ ቤቱ አንከባለለው። ልጁ ወላጆቹን ቢያማክር እናቱ ለርእሰ መምህሩ እንዲናገር፣ አባቱ ግን በሚችለው ተንኰል ሁሉ እንዲማታ መከሩት። አባትየው የሚስቱን ምክር የነቀፈበት ምክንያት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። እንደርሱ አባባል የልጆች ሜዳ የማይጣስ ሕግ አለው፤ ይኸውም በጓደኛ ላይ አለመናገር፣ ከሌላው በተለየው ላይ ማላገጥ፣ ሌላው ሁሉ እንደ አንተ ማሰቡን ሳታረጋግጥ አፍህን አለመክፈት ነው።

ልጁ በመጨረሻ ከአያቱ ዘንድ ሄደ። አያቱም ኸርማን ወደሚባል፣ አሮጌ የጦር ዕቃ ወደሚሸጥ ባለ አንድ እጅ ሰው ወሰዱት። ሠፈሩን ሁሉ ያማረረው ኔልሰን ስለ ነበር ልጆቹ ተሰብስበው ጦር ሆኑ፤ ውሃ በተሞላ ፊኛም ጉልበተኛውን ወግተው ማረኩት።

እንግዲህ ደብተራችን የሞላው ከዚህ ላይ ነው። ባርት አንዱን ፈሪ ወታደሩን በጥፊ የሚመታበት ትርኢት «ፓተን» ከተባለው ከ1970ው ፊልም የተወሰደ ነው። ነገሩ እውነተኛ ታሪክ አለው፤ ጄኔራል ፓተን በ1943 በሲሲሊ ሆስፒታል ያገኟቸውን ሁለት ወታደሮች በመምታታቸው ይቅርታ እንዲጠይቁ ታዘው ነበር። ጄሪ ጎልድስሚዝ ለዚያ ፊልም የደረሰውም ሙዚቃ እንዳለ ይሰማል፤ ሁለቱም ሥራዎች የአንድ ኩባንያ ንብረት ስለ ነበሩ የሚከለክል አልነበረም። አያትየው በዚህ ጊዜ ለባርት የሚሰጡት ተግሣጽ ቀልድ ቢመስልም ቀልድ ብቻ አይደለም፦ ወታደርን ከገደል አፋፍ መንዳትና ወደ ሞት መላክ የተፈቀደ ሲሆን በጥፊ መምታት ግን ለምን እንደ ሆነ አይታወቅም እንጂ ክልክል ነው ይላሉ። ልጆቹ በሰልፍ ሲሮጡ የሚቀባበሉት ዜማ ደግሞ ስታንሊ ኩብሪክ በ1987 ያወጣውን «ፉል ሜታል ጃኬት» የተባለ ፊልም ያስታውሳል። ድሉ ሲበሠር የመርከበኛ ልብስ የለበሰ ልጅ ሊሳን አቅፎ ይስማል፤ ይህም አልፍሬድ አይዘንስታት በ1945 በኒውዮርክ ያነሣው ዕውቅ ፎቶግራፍ ነው። ሊሳ ግን ወዲያው ልጁን በጥፊ ትለዋለች። ፎቶግራፉን ዓለም ለብዙ ዘመን የደስታ ምልክት አድርጎ ሲያየው ኖሮ፣ ሴቲቱ ሳትጠየቅ መሳሟ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው ከጊዜ በኋላ ነው።

ስሕተቶቹንም አልተውንም። ኸርማን የከተማይቱ ቁልፍ አንዲት መንገድ መሆኗን ግሪኮችና ካርታጎዎች ጭምር ያውቁ እንደ ነበር ይናገራል። በአሜሪካ ከተማ ግሪክና ካርታጎ ምን ይሠራሉ? ይህ ግን ደራሲው ሆን ብሎ ያደረገው በመሆኑ በቀይ አላሰመርንበትም። እውነተኞቹ ስሕተቶች በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ክፍሎች ይገኛሉ፦ ጠጅር ጠጉር የሚገባው ሰካራሙ ባርኒ ባለ ቢጫ ጠጉር ሆኖ ተሥሏል፤ ስሚዘርስ የተባለው ጸሐፊም አንድ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ከታየ በኋላ ቢጫ ሆኗል። የተለመደው የመክፈቻ ትርኢት ከዚህ ክፍል መቅረቱም የርዝመት ነገር ነው እንጂ ስሕተት አይደለም።

ይህንን ሁሉ ስንጽፍ የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ከጎናችን ተቀምጦ ያይ ነበር። ኔልሰን ታስሮ ልጆቹ ሲጨፍሩ፣ ልጃችን ሳይሥቅ ወደ እኛ ዞሮ፣

«አባዬ፣ ሲፈቱትስ?» አለን።

እኛ ስለ ካርታጎ እየጻፍን ስለ ነበር «ቈይ፣ ተመልከት» ብለን ዝም አሰኘነው። ጥቂት ቈይቶ ተነሥቶ ወጣ። ባለቤታችን ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና፣ «የእርሳስ ማስቀመጫው ለሦስተኛ ጊዜ መጥፋቱን በመዝገብህ ይዘኸዋል?» ብላ ጠየቀችን። አልያዝነውም ነበር።

በማግሥቱ ልጁን ለብቻው ወስደን ጠየቅነው። አንድ ከርሱ ከፍ ያለ ልጅ በየቀኑ ከበሩ ላይ ይጠብቀዋል። እኛም ይህን እንደ ሰማን የሰጠነው ምክር፣ ሌሊቱን በደብተር ስናፌዝበት ካደርነው ከአባትየው ምክር የተለየ አልነበረም፤ «ወንድ አይደለህምን? አንተም ምታው» አልነው። ልጃችን ታዘዘን። በሦስተኛው ቀን ኮሌታው ተቀዶ መጣ፤ ከዚያ ወዲያም ለእኛ ምንም ነገር መናገር ተወ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለን፣ ብዙ ዘመን ያልታወሰን አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ትዝ አለን። ልጁ ሲናገር ይንተባተብ ነበር። አስተማሪው ባስነሣው ቍጥር ከኋላ ያሉት ጉልበተኞች አነጋገሩን እየቀዱ ያሾፉበት ነበር። እኛ አንድም ቀን አልመታነውም፤ አልሰደብነውምም። ሌላው ሁሉ ሲሥቅ ግን ሥቀናል። የልጆችን ሜዳ ሕግ ማንም ሳያስተምረን ጠንቅቀን እናውቀው ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይኸው ሰው ጉዳይ ኖሮት ወደ መስኮታችን መጣ። ዐወቀን፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠን። ጥያቄውን ግን በአፉ አልተናገረም፤ አስቀድሞ ጽፎ ያመጣውን ወረቀት በመስኮቱ አሳለፈልን። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብነው፤ አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ፋይሉን አውጥተን ሰጠነው፤ ሌላ ቃል ሳንናገር ሄደ።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቀን ወደ ልጃችን ትምህርት ቤት ሄድን። አስተማሪዋ ነገሩን በትዕግሥት ከሰሙን በኋላ ያልጠበቅነውን ነገር አደረጉ። ሁለቱን ልጆች ብቻ ሳይሆን፣ ዘወትር በበሩ ላይ ቆመው የሚመለከቱትን ሦስት ልጆች ጭምር አስጠሩ። «እናንተ ባትኖሩ ይህ ልጅ ለማን ብሎ ይማታል?» ብለው ጠየቋቸው። ከሦስቱ አንዱ አለቀሰ። የእርሳስ ማስቀመጫው በሳምንቱ ተመለሰ፤ መቅረጫው ግን አልነበረበትም። ነገሩ ሁሉ አለቀ አንልም፤ ልጃችን እስከ ዛሬ አንዳንድ ቀን በረጅሙ መንገድ ዞሮ ይመጣል። ነገር ግን መናገር ጀምሯል።

የልጃችንን ጥያቄ ፊልሙም ራሱ እንደሚጠይቅ ያስተዋልነው እንደ ገና ስናየው ነው። ኔልሰን ታስሮ ሳለ፣ የተፈታሁ ዕለት እደበድባችኋለሁ ይላል። ጦሩ አሸንፎ ሳለ ድሉ መና ሊሆን ነው። ያዳናቸው ኸርማን አዘጋጅቶት የነበረው የሰላም ውል ነው፤ በውሉም ኔልሰን ዳግመኛ እጁን በቍጣ እንዳያነሣ፣ የባርትንም በሕይወት የመኖር መብት እንዲያውቅ፣ ሥልጣኑ ቢቀርም በሠፈሩ የአስፈሪነት ስሙ ብቻ እንዲቀርለት ተስማሙ። ጉልበተኛው የሚወጣበት በር ተተወለት ማለት ነው። ከዚያም እናትየዋ ለሁሉም ኬክ አቀረበችላቸው።

በደብተራችን «ልዩ ልዩ» ከሚለው ርእስ በታች በግዴለሽነት የጻፍነው አንድ ነገር ደግሞ አለ። የባርትንም የኔልሰንንም ድምፅ የምትሰጠው አንዲት ሴት፣ ናንሲ ካርትራይት ናት። የተመቺውም ልቅሶ የመቺውም ዛቻ የሚወጣው ከአንድ ጉሮሮ ነው። በኋለኞቹ ክፍሎችም ኔልሰን አባቱ ጥሎት የሄደ ልጅ መሆኑ ይገለጣል።

እንግዲህ አስተማሪዎችና ወላጆች ሆይ፣ ልጅ «ሲፈቱትስ?» ብሎ ሲጠይቅ ስለ ፊልም የጠየቀ አይምሰለን። እኛ የሌላ አገር ሠዓሊ የጠጉር ቀለም መሳሳቱን ስንመዘግብ በቤታችን የጠፋውን እርሳስ አልመዘገብንም። ያን ሰው ዳግመኛ በመስኮታችን ብናየው ወረቀቱን ከመቀበላችን በፊት የምንናገረው ነገር አለን። እስከ ዛሬ ግን አልመጣም።