የእትዬ ጠባሳ

ጀሞ፣ ከግቢያችን ፊት ለፊት ችብስ የሚጠብሱ እትዬ አሉ። ልጄ በኮምፒውተር በሠራው ጌም ውስጥ እርሳቸውን አስገባቸው፤ ሻሻቸው፣ አካሄዳቸው፣ ጉንጫቸው ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር። ተጫዋቹ ችብስ ሰርቆ ሲሮጥ እሳቸው ጭልፋ ይዘው ያባርሩታል። መጀመሪያ እኔም ስቄያለሁ። ጌሙ በቴሌግራም ሰፈሩን ካዳረሰ ወዲህ ግን ልጆች በአጠገባቸው ሲያልፉ «ባለ ጠባሳዋ፣ ያዢን!» ይሏቸው ጀመር።

«ስማቸውን አልጻፍኩ፤ ፎቷቸውም አይደል» ብሎ ተከራከረኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 ግን ከፎቶግራፍ ሌላ የሰውን ምስልም ያነሣል፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ጌም ባልነበረበት ዘመን!

ይዤው ሄድኩ። እትዬ ስልኩን ተቀብለው ብዙ አዩት።

«ጠባሳዋን አጥፋልኝ» አሉት። «ሌላው ይቆይ።»

ማታውኑ አጠፋት። የልጆቹ አፍ ግን እስካሁን አልተዘጋም።