በረዶ ላይ ኩራት አያዋጣም!

«እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ በረዶ ምን ያደርገኛል?» ብሎ የፎከረው ጓደኛችን ከተራራው የወረደው በእግሩ አይደለም። በነፍስ አድን ሠራተኞች ቃሬዛ ላይ ታስሮ ነው!

ቦታው ብሬክንሪጅ ይባላል፤ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። ብዙ ሐበሻ ካለባት ከዴንቨር መንገዱ ካልተጨናነቀ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1859 የቆረቆሯት ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው። ወርቁ ሲነጥፍ ሰዉም ጥሏት ሄደ። በ1961 የበረዶ መንሸራተቻው ሲከፈት ግን እንደገና ነፍስ ዘራች።

ከፍታዋ 2,900 ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃንን ትበልጣለች። ሊፍቱ ደግሞ ከ3,900 ሜትር በላይ ያወጣችኋል። «አዲስ አበባ ነው ያደግኩት» ማለት አያድንም፤ ቆላ ቦታ ዓመታት የኖረ ሰውነት ከፍታን ይረሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ መጠጡን ትታችሁ ውሃ ጠጡ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ።

የሄድነው በጥር ወር፣ አራት ሆነን ነበር። ከመሀላችን አንዷ የጀማሪ ትምህርት ከፍላ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር ተሰለፈች። እኛ ሳቅንባት። ጓደኛችን ግን እሷን ማስደመም ፈልጎ «እኔ እችላለሁ» አለ። ውሸቱን ነው፤ ስኪ ተጫምቶ አያውቅም!

እዚያ መንገዱ ምልክት አለው። አረንጓዴ ክብ ለጀማሪ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ለለመደ፣ ጥቁር አልማዝ ለጎበዝ ነው። እሱ በቀጥታ ወደ ሰማያዊው ወጣ። መቆም አልቻለም፤ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሥራው ሹፌርነት ነው። ሦስት ወር ቤት ተቀመጠ፤ አዲስ አበባ ያሉት እናቱ በየወሩ የሚጠብቋት ገንዘብም ቀረች። የፉከራው ዋጋ ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ስኪ ተወዳዳሪም ቢሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ተምሮ እንጂ በደገኛነቱ ብቻ አልደረሰም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ ተማሩ። አስተማሪ አቋቋምንም አወዳደቅንም ያሳያችኋል። ጂንስ አትልበሱ፤ ከረጠበ ያንቀጠቅጣችኋል። ሄልሜት ተከራዩ። ትኬት አስቀድማችሁ ግዙ፤ በዕለቱ መስኮት ላይ ከ200 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ቀን ብዙ ነው።

ኪሳችሁ ካልፈቀደ በሐምሌ ሂዱ። ያኔ በረዶው ቀልጦ ተራራው አበባ በአበባ ነው። በእግር መውጣት፣ ብስክሌት መንዳት ይቻላል። ብቻ ከሰዓት በኋላ መብረቅ ስለሚበዛ በጠዋት ወጥታችሁ ከቀትር በፊት ውረዱ።

ልጅቷስ? በዚያው ቀን፣ ከሰዓት ላይ፣ አረንጓዴውን ሳትወድቅ ወረደችው። ጓደኛችንም ጉልበቱ ሲድን «ከሕፃናቱ ጋር እሰለፋለሁ» ብሏል። አሁን የሚስቅበት የለም።