ሉዎል ዴንግ የየትኛው ቡድን ባለቤት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የቤዝቦል ቡድን ድርሻ መግዛት የባለጸጎች ጨዋታ ነው። ትንሹ ቡሽ ፕሬዝዳንት ከመሆናቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ቴክሳስ ሬንጀርስ ላይ 600 ሺህ ዶላር ገደማ አስገቡ። ቡድኑ በ1998 ሲሸጥ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ይዘው ወጡ። ሁሉም እንዲህ አልቀናውም። የኒውዮርክ ያንኪስ ባለቤት የነበረው ስታይንብሬነር ሸሪኮቹን ገንዘባቸውን እንጂ ምክራቸውን አይፈልግም ነበር።

ባለድርሻ ሲባል እኔ የሚመጣብኝ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረው ሉዎል ዴንግ ነው። በዛሬዋ ደቡብ ሱዳን ዋው ከተማ ተወልዶ፣ ከጦርነት ሸሽቶ ግብፅ፣ ቀጥሎ ለንደን ያደገው፤ በቺካጎ ቡልስ ሁለቴ ኦል ስታር የሆነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከዲኬምቤ ሙቶምቦና ከግራንት ሂል ጋር የኤንቢኤ አፍሪካ ባለድርሻ ሆኗል። ድርጅቱ ያኔ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። ነገ ቢያተርፍበት ደግ አደረገ፤ ላቡን ጠብ አድርጎ ያገኘው ገንዘብ ነው።

ሌላኛው ቡድኑ፣ የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን፣ ግን አክሲዮን የለውም። የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽንን ከተረከበ ወዲህ ሆቴሉንም የአውሮፕላን ትኬቱንም ብዙ ጊዜ ከኪሱ ከፍሏል።

ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ልጆቹ ለንደን ላይ አሜሪካን ገጠሙ። ለእረፍት ሲወጡ 58 ለ 42 እየመሩ! ሌብሮን ጄምስ 8 ሰከንድ ሲቀር ባያገባ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር፤ 101 ለ 100 ተሸነፉ። በሳምንቱ በፓሪስ ኦሎምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፉ። ከዚያ ጨዋታ በፊት አዘጋጆቹ የሱዳንን መዝሙር በስህተት ከፍተውባቸው ነበር፤ ልጆቹ የራሳቸው እስኪገኝ ቆመው ጠበቁ።

ከደቡብ ሱዳን የሸሹ ብዙዎች ወደተጠለሉባት ወደ ጋምቤላ ልሻገር። ከኢታንግ ብዙም የማይርቀው የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ በ2006 ዓ.ም. ሲከፈት ታዝሎ የገባ የኑዌር ሕፃን፣ ዛሬ የጎጆዋን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ሜዳው በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ባልተስተካከለ መሬት ላይ ኳስ ማንጠር ደግሞ ሌላ ሙያ ይጠይቃል፤ ኳሷ ወዴት እንደምትነሣ አስቀድሞ መገመት አለብህ። በኦሎምፒኩ ከተሰለፉት አንዱ ኑኒ ኦሞት ራሱ ኬንያ ውስጥ በስደተኞች መጠለያ የተወለደ ነው። ጋምቤላ ከተማ መሃል ቆመህ «ኦሞት!» ብለህ ብትጣራ ስንቱ ዞር ይልብሃል!

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የአገር ቡድን በአንድ ሰው ኪስ ሲያድር ሰውየው ደግ መሆኑ ብቻ አያስተማምንም። ይታክተዋል፣ ከባለሥልጣን ይጣላል፣ ወይ ዕድሜው ይገፋል። የኤንቢኤ አፍሪካ ድርሻውን ልሽጥ ቢል ገዢ አያጣም። ይኼኛውን ማን ይረከበዋል?