ሃይላንዱና ቤቱ

ራቤል ገበያ ባዶ ሃይላንድ አይጣልም። አረቄ ይለካበታል፣ ላምባ ይቀዳበታል፣ እረኛም ውኃውን ይዞበት ከበጎቹ ጋር ይውላል። አያቴ «ሃይላን» ነው የሚሉት፤ «ድ»ዋን ይውጧታል። ይህ ቃል ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ደገኞች ነንና፣ በፈረንጅ አፍ «ደጋ» የሚል ስም የተጻፈበት ላስቲክ ግሼ ላይ ቢገኝ ማን ይገረማል?

ስሙን ያመጡት አቶ ኤርሚያስ አመልጋ ናቸው። ኒውዮርክ፣ ዎል ስትሪት ሠርተው ወደ አገር የተመለሱ ሰው። በ1990ዎቹ ውኃ በፕላስቲክ አሽገው መሸጥ ሲጀምሩ፣ እኛ የምናውቀው በጠርሙስ የሚመጣውን አምቦ ውኃ ነበር። እሱም ቢሆን ጋዝ አለው፣ ከምግብ በኋላ ያስገሳል፣ ስለዚህ የሚከፈልበት ምክንያት አለው። ከቧንቧ የሚቀዳን ውኃ በብር መሸጥ ግን ለብዙ ሰው ቀልድ ነበር። ቀልዱ ገበያ ሆነ። ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ «ሃይላንድ ስጠኝ» ብትሉ ባለሱቁ ሌላ ፋብሪካ የሞላውን አንስቶ ይሰጣችኋል፤ ሁለታችሁም ምንም አይመስላችሁም። አንድ ነጋዴ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

ቀጥሎ ዘመን ባንክ መጣ። ሌሎቹ ባንኮች ቅርንጫፍ ለመክፈት ሲሽቀዳደሙ፣ ዘመን በ2001 ዓ.ም. በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሥራ ጀመረ። ይህም ተሳቀበት። (ኋላ ላይ ባንኩ ራሱ ቅርንጫፍ ወደ ማብዛቱ ሄዷል፤ ሰንጋ ተራም የራሱን ፎቅ ሠርቷል።)

እንግዲህ ሁለት ጊዜ የተሳቀበትና ሁለት ጊዜ የሠራለት ሰው ሦስተኛውን ሐሳብ ይዞ ሲመጣ ማን ይጠራጠራል? አክሰስ ሪል ስቴት ያልተሠሩ ቤቶችን ሸጠ። ከ2 ሺህ በላይ ገዢዎች፣ ብዙዎቹም በውጭ የሚኖሩ፣ ከ1 ቢሊዮን ብር በላይ ከፈሉ። ቤቶቹ በተባለው ጊዜ አልመጡም። አቶ ኤርሚያስ በ2005 ከአገር ወጡ፣ በ2006 ተመለሱ፤ ስብሰባው፣ ኮሚቴው፣ አቤቱታው ዓመታት ፈጀ።

ይህን የሌባና የባለራእይ ክርክር ማድረግ ይቀናናል። ግማሹ «በላን» ይላል፣ ግማሹ «አገሪቱ ሥራ የሚሠራ ሰው አትወድም» ይላል። እኔ ዳኛ አይደለሁም። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት፣ የሊዝ አዋጁም በ2004 በተቀየረበት አገር ቤት አልምቶ መሸጥ ቀላል እንዳልሆነም ይገባኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሃይላንዱን የገዛ ሰው ላስቲኩን ጨብጦ ነው የከፈለው። ሐሳቡ ቢከሽፍ ኖሮ የሚከስሩት ፋብሪካውን የተከሉትና ገንዘብ ያዋጡት ነበሩ። ቤቱን የገዛ ሰው ግን ከፍሎ ወረቀት ይዞ ሄደ። ሐሳቡ ሲዘገይ የዘገየው የእሱ ኑሮ ነው። ድፍረቱ የአንድ ሰው ድፍረት ነው፣ አደጋው ግን ከመሥራቹ ኪስ ወደ ደንበኛው ኪስ ተሻግሯል። ከዎል ስትሪት የመጣ ሰው ይህን ልዩነት ከማንም በላይ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ።

በእኛ አገር ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ድንጋይ ያከማቻል። ክምሩ ደጁ ላይ ክረምትም በጋም ይታያል፤ አላፊ አግዳሚው «እገሌ ሊሠራ ነው» ይላል። ደቦ የሚጠራው፣ ጠላ የሚጠመቀው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ድንጋይ ሰው የሚጠራ ቢኖር ጠላውን ጠጥተንለት እንስቅበት ነበር። አዲስ አበባ ላይ ግን ድንጋዩን ሳናይ ጉልበታችንን ሰጠን፤ ምክንያቱም ሰውየው የታወቀ ነበር፣ ስሙም በየእጃችን ነበር።

ፓርላማው የሪል ስቴት አዋጅ ያጸደቀው በ2017 ዓ.ም. ነው። ገዢዎቹ ገንዘባቸውን ከሰጡ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሙሉ ቤት የከፈለ ሰው በየወሩ ለአከራዩም ይከፍል ነበር።