ይለስልስ እንጂ አይቅለል

ባተርሲ ውስጥ፣ ከክላፋም ጀንክሽን ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ አንድ የካውንስል ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ቶና ደርሷል። የቤቱ እመቤት ጀበናውን አንሥተው ሊቀዱ ሲሉ የ19 ዓመቱ ልጃቸው ከመኝታ ክፍሉ ወጥቶ አንድ ጥቁር መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። እናት "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። አባት ግን እጃቸውን ዘርግተው አነሡት፤ አፈሙዙን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞሩት፤ ጣታቸውን ከምላጩ አርቀው ጎርሶ እንደሆነ ተመለከቱ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ሳያስቡት ነው። ልጁ አባቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲይዙ አይቶ አያውቅም።

መሣሪያው የሚተኩሰው ቀለም ነው፤ ጨዋታውን ፔይንትቦል ይሉታል። ልጁ በወር አንድ እሑድ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ከለንደን ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ይጫወታል። ቲፕማን 98 የሚባለውን ዓይነት ሁለተኛ እጅ ገዝቶ፣ ምላጩ አስቸግሮታል። "አባዬ፣ ይከብዳል። ሲሳብ ደግሞ ይይዛል፣ ይለቃል። ሌሎቹ ሦስት ሲተኩሱ እኔ ገና አንድ ነኝ" አለ።

በነገራችን ላይ ይህ መሣሪያ መጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ የደን ሠራተኞች የሚቆረጠውን ዛፍ፣ ከብት አርቢዎችም ከብቶቻቸውን ከሩቅ በቀለም ምልክት እንዲያደርጉበት ነበር። ጁን 27 ቀን 1981 ኒው ሃምፕሻየር፣ ሄኒከር በምትባል ስፍራ 12 ሰዎች ይህንኑ ሽጉጥ ይዘው ጫካ ገቡና የመጀመሪያውን ጨዋታ ተጫወቱ። ያሸነፈው የደን ባለሙያ ነበር፤ ባንዲራዎቹን ሰብስቦ የወጣው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተኩስ ነው ይባላል። ምላጭ ለከበደው ሰው መጽናኛ ይሆን ነበር፤ የ19 ዓመት ልጅ ግን በዚህ አይጽናናም።

እኚህ አባት ወታደር ነበሩ፤ ያውም መሣሪያ ጠጋኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በሰሜን ግንባር ክላሽ ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በሱዳን በኩል ወጡ። ለንደን ከገቡ በኋላ መጀመሪያ ቢሮ አጸዱ፣ ቀጥሎም አውቶቡስ ነዱ። አገራችን የፈረንጁን ጠመንጃ ሁሉ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያለ በራሱ አፍ ያጠመቀ ሰው አገር ናት፤ እሳቸው ግን የጠመንጃ ወሬ ሲነሣ ጨዋታ የሚቀይሩ ሰው ናቸው።

ያን ቀን ግን ጨርቅ አነጠፉ። መጀመሪያ የጋዙን ጠርሙስ አስወለቁ፤ ቀጥሎ በውስጡ የቀረ ጋዝ እንዳይኖር ወደ ግድግዳው አስተኮሱ። ከዚያ በኋላ ነው ብሎን የተነካው። አሠራሩ ከሚያውቁት የራቀ አልነበረም። በሞላ የሚገፋ መቺ አለ፤ መቺውን ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆየው ትንሽ የብረት ጥርስ አለ። ምላጭ ሲሳብ ጥርሱ ይለቃል፣ መቺው ወደ ፊት ይስፈነጠራል፣ የጋዙን በር ይመታል፣ ጋዙም እንደ መድኃኒት ካፕሱል በጄላቲን የተሸፈነውን ኳስ ይገፋል።

"ጓደኞቼ ጥርሱን በሞረድ ቀነስ አድርገው፣ ሞላውንም ቁረጠው ብለውኛል" አለ ልጁ።

አባት ሞረዱን ከጠረጴዛው አነሡት። ምላጭ የሚከብደው በሁለት ነገር መሆኑን አስረዱት። አንደኛው ብረት ከብረት ሲፋተግ ነው፤ ያ ሲለሰልስ ማንም አይጎዳም። ሁለተኛው ጥርሱ መቺውን የያዘበት ጥልቀት ነው፤ ያ ሲቀነስ ምላጩ በእርግጥ ይቀላል፣ ነገር ግን ጥርሱ መቺውን የሚይዘው በጥፍሩ ጫፍ ብቻ ይሆናል። መሣሪያው ሲወድቅ ወይም ሲንገጫገጭ ያመልጣል። የተቆረጠ ሞላም ጥርሱን ወደ ቦታው መመለስ ያቅተዋል።

ቀጥሎ ያሉትን ሚስታቸውም ሰምተው አያውቁም። ግንባር ላይ አንድ የድንኳን ጓደኛቸው ምላጩ እንዲቀልለት ለምኗቸው ነበር። በሞረድ ቀነሱለት፤ ጎበዝ ተባሉ። በሳምንቱ ሰውየው ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ ደገፍ ሲያደርገው ባረቀ። "እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ" አሉ። "አሁን ናዝሬት ነው።" በየመስቀሉ ስልክ ደውለው "ወንድሜ" እያሉ ረጅም ሰዓት የሚያወሩት ከማን ጋር እንደሆነ ልጁ ያን ጊዜ ገባው። የቀዳው ቡና በስኒው ውስጥ ቀዘቀዘ፤ እናት አልቀየሩትም።

ሥራው ሁለት ሰዓት ወሰደ። ቁጥሩ 2000 የሆነ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሰው የምላጩንና የጥርሱን ጎን፣ ፒኖቹንም አሹ። የጥርሱን ጠርዝ አልነኩም፤ ማዕዘኑ ከተበላ ሌላ መግዛት ነው። ከዚያ ጠብታ ዘይት። ገጥመው፣ ያለ ኳስ ወጥረው፣ በነጠላ ጫማቸው ሶል ከላይም ከጎንም ሃያ ጊዜ ያህል መቱት። አላመለጠም። ልጁ ሳበው፤ ክብደቱ ከበፊቱ ብዙም አልተለየም፣ መያዝና መልቀቁ ግን ጠፍቷል።

የእናት ጭንቀት ሌላ ነበር። "ክላፋም ጀንክሽን ላይ ፖሊስ የሚያየው ጥቁር ልጅና ጥቁር መሣሪያ ነው፤ ቀለም ነው ብትለው ማን ይሰማሃል?" አሉ። ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የእንግሊዝ ሕግ የአየር ጠመንጃም ሆነ ጠመንጃ መሳይ ነገር ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ይዞ መገኘትን፣ ባይጎርስም፣ ወንጀል አድርጎታል። የ2006ቱ ደግሞ ጠመንጃ መሳይን ከ18 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥ ከልክሏል። ልጆቻቸው ይህን ጨዋታ የጀመሩ ወላጆች ሁሉ ቢያውቁት ይበጃል። ስለዚህ መሣሪያው የአፈሙዝ ክዳኑን አድርጎ፣ ጋዙ ተለይቶ፣ በሚቆለፍ ቦርሳ ገባ። የፊት ጭምብሉ ከላይ ሆነ። ብዙ ሜዳዎች በሰከንድ እስከ 300 ጫማ የሚወረወር ኳስ ስለሚፈቅዱ፣ ያለ ጭምብል ዓይን ይጠፋል።

እሑድ ማታ ልጁ ከአንገቱ በታች ቢጫ በቢጫ ሆኖ ተመለሰ። እናት ወደ መታጠቢያ ቤት ሲገፉት አባት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ሳይሳብ ተኮሰ?"

"አልተኮሰም፣ አባዬ።"

መስቀል ገና ሩቅ ነበር፤ ናዝሬትም መሽቷል። አባት ግን ስልካቸውን ይዘው ወደ በረንዳ ወጡ።