ስለ ካውያ ምንጣፍና ስለ እናቴ ባና

ልብስ በመስፋት የምተዳደር ሴት ነኝ፤ የምኖረውም በደብረ ታቦር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ የጉናም ተራራ ብርድ የማይለያት ስለ ሆነች፣ በክረምት የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ በአራተኛው ቀን እርጥብ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ካውያ በእኛ ዘንድ ማሳመሪያ ብቻ ሳይሆን ማድረቂያም ጭምር ነው።

ስፌትን ያልሞከረ ሰው ግን ካውያ ልብሱ ካለቀ በኋላ ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለዋል። እኔም በጀማሪነቴ ዘመን እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። እያንዳንዱ ስፌት ከመኪናው እንደ ወጣ በጣት ተከፍቶ ካልተተኰሰ፣ ሁለተኛው ስፌት በላዩ ሲያልፍ ይጨማደዳል፤ የተጨማደደውንም በኋላ ማናቸውም ካውያ አያቀናውም። በየስፌቱ ወደ ጠረጴዛ እየተነሡ መመላለስ ደግሞ ጉልበት ይፈጃል። እንግዲህ ከመኪናው አጠገብ የምትዘረጋ፣ ሥራ ሲያበቃም ተጠቅልላ የምትነሣ ትንሽ የካውያ ምንጣፍ ለልብስ ሰፊ እንደ መቀስ ታስፈልጋለች።

ምንጣፏን ከምን መሥራት እንደሚገባ የተማርሁት ግን በኪሳራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለደብረ ታቦር በዓል፣ ማለት ለነሐሴ 13፣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የአንዲት ደንበኛዬን ባለ ጥልፍ ቀሚስ ጨርቅ በለበሰ ቍራጭ ስፖንጅ ላይ እተኵስ ነበር። ስፖንጁ በካውያው ትኩሳት ቀልጦ ጨርቁን ዘለቀና ቀሚሱን ያዘው። ዋጋውን ከፈልሁ፤ ሴትዮዋ ግን በዓሉን በአሮጌ ልብስ ዋለች፤ ከዚያም ወዲህ ወደ ቤቴ አልመጣችም።

በቤቴ የነበረው ሌላ ወፍራም ነገር የእናቴ ባና ብቻ ነበር። እናቴ የደጋውን በግ ጠጉር በገዛ እጇ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው ነው፤ ባረፈችም ጊዜ ለታላቅ እኅቴ ለእታለምና ለእኔ የቀረን ይኸው ነበር። በእኔ ዘንድ ተቀመጠ እንጂ የሁለታችን ነው። ሦስት ቀን ሙሉ መቀሱን እያነሣሁ መልሼ አኖርሁት። የበግ ጠጉር እንደ ስፖንጅ አይቀልጥም፤ እሳት ቢነካውም እንደ ሰው ጠጉር ሸትቶ ቶሎ ይጠፋል፤ የክብደቱን ሲሶ የሚያህል እርጥበት ቢጠጣ እንኳ እጅን አያረጥብም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። በመጨረሻ ለእኅቴ ሳልነግራት ግማሹን ቈረጥሁ።

አስቀድሜ ቍራጩን በሙቅ ውሃ አጥቤ እንዲኰማተር አደረግሁት፤ እንዲህ ካልተደረገ በካውያውና በእርጥበቱ ኃይል እየተኰማተረ ምንጣፏን ያጐብጣታል። ሲደርቅ 60 ሴንቲ ሜትር በ40 አድርጌ፣ ሦስት እጥፍ ደርቤ፣ በጥጥ ክር ለቀም ለቀም አድርጌ ያዝሁት፤ የናይለን ክር ይቀልጣልና። ከላይ ታጥቦ የፋብሪካ ሙጫው የለቀቀ ነጭ አቡጀዲ አለበስሁት፤ በጠርዙም እንደ ሱሪ መታጠቂያ ገመድ ስላሳለፍሁበት ሲቈሽሽ ወልቆ ይታጠባል። ባለ ቀለም ጨርቅ ግን አይሆንም፤ ቀለሙ ወደ ሸማው ይዘልቃል።

ምንጣፏ በሳንቃ ወይም በሣጥን ላይ እንጂ በስፖንጅ ፍራሽ ላይ አትዘረጋም። ካውያውን እንደ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ መጐተት ስፌቱን ይለጥጠዋል፤ አንሥቶ ማሳረፍ፣ እንደ ገናም አንሥቶ ማሳረፍ ነው። ጥልፍ ያለው ልብስ ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ በጀርባው ይተኰሳል፤ ባናው ልስልስ ስለ ሆነ ጥልፉ ወደ ውስጥ ይሰጥማል፣ ሲገለበጥም እንደ ቆመ ይገኛል። በደረቅ ጠረጴዛ ላይ የተተኰሰ ጥልፍ እንደ ተረገጠ ሣር ይተኛል።

መብራት በጠፋ ጊዜ የምሠራው በከሰል ካውያ ነው። ከሰሉን ከደጅ አቀጣጥዬ፣ በሬንም ከፍቼ እሠራለሁ፤ ብርድን ፈርቶ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ሰው ይገድላል።

እታለም ለእናታችን ሙት ዓመት በመጣች ጊዜ፣ ማታ አልጋ ሳነጥፍላት ባናው እግሯን አልሸፈነም። ምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ፤ ምንጣፏን አምጥቼ አሳየኋት። በእጇ ዳሰሰቻት እንጂ ምንም አልተናገረችም። በማግሥቱ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ነጠላዋን እርጥብ እንዳለ በላይዋ ተኰሰች፤ እንፋሎቱ ሲነሣ የባናው ሽታ ቤቱን ሞላው። እታለም ካውያውን አቁማ ጥቂት ቆየችና፣ «የቀረውን አትንኪው» አለችኝ።

አልነካሁትም።