የእማዬ ትኬት

ስልክ ጎርጉሮ ርካሽ ነገር የሚያገኝ ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም። በእኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ። የመብራት ክፍያ በእኔ ስልክ ነው፤ የጎረቤት ልጆችን ፎርም የምሞላው እኔ ነኝ፤ የመዘምራኑን ቲሸርት በቅናሽ የሚያሳትም ሰው ያገኘሁትም እኔው ነኝ። በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ወይም ያ ሰው እናንተው ከሆናችሁ፣ ይህን ታሪክ የጻፍኩት ለእናንተ ነው።

እህቴ የምትኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ጥቂት ወራት ሲቀሯት እማዬ ቪዛ አገኘች። እማዬ ከዚያ በፊት አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ እንግሊዝኛ አትናገርም፤ ጉልበቷንም ያማታል። ልጇን ልታርስ ነውና ግን ከቪዛው ማግስት ጀምሮ ሥራዋ ሁሉ በርበሬ ማስፈጨትና የገንፎ እህል ማዘጋጀት ሆነ። ትኬቱ ለእኔ ተተወ።

መጀመሪያ የሄድኩት ስታዲየም አካባቢ ፎቅ ላይ ትንሽ ቢሮ ወዳላቸው አንድ የጉዞ ወኪል ነው። በቤታችን “ጋሼ” ብቻ ነው የምንላቸው። አክስቴ ቤይሩት ስትሄድም፣ እህቴ ዲቪ ደርሷት ስትሄድም ትኬት የቆረጡላቸው እሳቸው ናቸው። ሻይ አዘዙልኝና አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ።

“በአውሮፓ በኩል ከሆነ ተጠንቀቅ” አሉኝ። “ኢትዮጵያዊ በሸንገን አገሮች አየር ማረፊያ ውስጥ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። እናትህ ጊዜው ያላለፈ የአሜሪካ ቪዛ ስላላት ከዚህ ነፃ ናት። ሁሉም ሰው ግን እንደ እሷ እንዳይመስልህ።” ቀጠሉና “ደግሞ ጉዞውን ከፋፍለህ በሁለት ትኬት እንዳትገዛ። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣት ማንም አይጠየቅልህም። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን በሌላ በረራ የማድረሱ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው” አሉኝ። በመጨረሻ በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ ሦስት አማራጭ ከነዋጋው ጻፉልኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ያችን ወረቀት ይዤ ቤት ገባሁና የጻፉልኝን በረራ በስልኬ ፈለግሁ። በአንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ያው በረራ በ140 ዶላር ረክሶ አገኘሁት። ድረ ገጹ የእኛን የብር ካርድ ስለማይቀበል ለእህቴ ላክሁላት፤ በእሷ ካርድ ተከፈለ። ለጋሼ አልደወልኩም። የአንድ ሰዓት ምክራቸውን በነፃ ወስጄ ሌላ ቦታ መግዛቴ ስርቆት ሆኖ አልታየኝም። እንዲያውም በጉብዝናዬ ኮራሁ። እማዬም “ይባረክ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ገንዘብ አተረፈልኝ” እያለች ለጎረቤት ሁሉ አወራች።

ትኬቱ ላይ “ቅዳሜ 00:40” ይላል። ወደ እኛ ሰዓት ቀየርኩትና “እማዬ፣ ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከአርባ ነው የምትሄጂው” አልኳት። ሽኝቱ ለቅዳሜ ከሰዓት ተቀጠረ። ዘመድ ተጠራ። የመዘምራን ጓደኞቼም ከልምምድ በኋላ እንደሚመጡ ነገሩኝ።

ሐሙስ ዕለት እማዬ ጋሼን ልትሰናበታቸው ሄደች። ትኬት ከእሳቸው እንዳልገዛን እንኳ አታውቅም፤ የታተመውን ወረቀት ይዛ ልታመሰግናቸው ነበር የሄደችው። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

“አንተ ልጅ፣ የእናትህ ሽኝት መቼ ነው?”

“ቅዳሜ ከሰዓት ነው ጋሼ። እርስዎም ይመጣሉ አይደል?”

“ቅዳሜ ከሰዓትማ አውሮፕላኑ ከሄደ ቆይቷል። የምትሄደው ነገ ማታ ነው።”

መጀመሪያ የተሳሳቱት እሳቸው መሰሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው እንደ ሕፃን ልጅ አስረዱኝ። በትኬት አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ 00:40 ማለት ቅዳሜ ከገባ ገና 40 ደቂቃው ነው። ለእኛ ግን ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ያቺን ሰዓት የምንጠራት አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ብለን ነው። ሰዓቱን በትክክል ቀይሬ ሌሊቱን ስቻለሁ። ጋሼ ባያዩት ኖሮ እማዬ ሻንጣዋን ይዛ ቦሌ የምትደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከአንድ ቀን በኋላ ነበር። ተሳፋሪ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመመለሻው ጉዞም አብሮ ይሰረዛል። እህቴ የመውለጃዋ ቀን ደርሶ ነበር። እግሬ ተንቀጠቀጠ።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። “ለጉልበቷ የተሽከርካሪ ወንበር አስመዝግበሃል? አውሮፕላን የምትቀይርበት ቦታ ማን ይመራታል? ሻንጣስ ስንት ተፈቅዶላታል?” አሉኝ። አላስመዘገብኩም፤ አላየሁም። ስናየው ርካሹ ትኬት የሚፈቅደው አንድ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ብቻ ነው። እማዬ ሁለት ሞልታለች። “እባክዎ ያስተካክሉልኝ” ብዬ ለመንኳቸው። “ልጄ፣ እኔ ያልቆረጥኩትን ትኬት ልነካው አልችልም። የገዛህባቸውን ጠይቅ” አሉኝ።

ጠየቅሁ። አየር መንገዱ “ከገዛችሁበት ጠይቁ” አለ። ድረ ገጹ ላይ የሚመልስልኝ ማሽን ነበር። በመጨረሻ እህቴ፣ ያቺ እርጉዝ፣ ሌሊቱን ስልክ ይዛ አደረችና ወንበሩን አስመዘገበች። የሁለተኛው ሻንጣ ክፍያ ከ140ው ዶላር ብዙውን በላው።

ሽኝቱ አርብ ማታ በጥድፊያ ሆነ። ግማሹ ዘመድ አልደረሰም፤ አንዳንዱ ቅዳሜ ከሰዓት ዳቦ ይዞ መጥቶ ባዶ ቤት አገኘ። እማዬ ግን ደረሰች። ዳለስ አየር ማረፊያ ወንበሯን የገፋላት ልጅ አበሻ ሆኖ ተገኘና እስከ በሩ ድረስ ሲያጫውታት ሄደ። የልጅ ልጇ የተወለደችው ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አልተቆጡኝም። ስለ ሥራቸው ግን ከዚያ በፊት ያልገባኝን ነገሩኝ። በድሮ ጊዜ ወኪል ዋናው ገቢው ከአየር መንገዱ የሚያገኘው ኮሚሽን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ዴልታ አየር መንገድ አሜሪካ ውስጥ ለሚደረጉ በረራዎች የሚከፍለውን ኮሚሽን ገደበ፤ በ2002 መደበኛውን ኮሚሽን አስቀረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ወኪል የሚኖረው ተጓዡ በሚከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ነው። ያን ዕለት አንድ ሰዓት ተቀምጬ የሰማሁት ምክር እንጀራቸው ነበር ማለት ነው። ለእናቴ ትኬት አንድ ሳንቲም ያላገኙት ሰው ናቸው ትኬቷን ቁጭ ብለው ያነበቡላት።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ “ሁልጊዜ ወኪል ጋ ሂዱ” ልላችሁ አይደለም። ባለፈው ወር ለጓደኛዬ ሠርግ አርባ ምንጭ ስሄድ ትኬቴን በአየር መንገዱ መተግበሪያ ራሴ ቆርጬ በቴሌብር ከፈልኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ በረራ፣ አንድ ሰው፣ የራሴ ቋንቋ። ቢበላሽም የምጉላላው እኔው ነኝ። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ሰው ማስቸገር አያስፈልግም።

ራሳችሁ ከቆረጣችሁ በተቻለ መጠን ከአየር መንገዱ ከራሱ ግዙ፤ ችግር ሲመጣ ወዲያና ወዲህ የሚገፋፋችሁ አይኖርም። ለምሳሌ ወደ አሜሪካ ወይም ከአሜሪካ ለሚደረግ በረራ፣ ጉዞው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው ከአየር መንገዱ በቀጥታ የገዛ ሰው፣ አየር መንገዱ ሳያስከፍል የመያዝ አማራጭ ካልሰጠው በቀር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ እንዲችል የአገሪቱ ደንብ ያዛል። ደንቡ በመሐል ያለን ሻጭ አያስገድድም። ስም ስትሞሉ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ጻፉ፤ የእኛ የአባትና የአያት ስም በፈረንጅ ቅጽ ላይ በቀላሉ ይዘበራረቃል።

ወኪል ጋ ከሄዳችሁም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትክፈሉ። ወኪል ነኝ እያለ ገንዘብ ተቀብሎ የሚሰወር ደላላም አለ። ፈቃዱን እዩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር የሆነውን የቦታ መያዣ ኮድ ወስዳችሁ በአየር መንገዱ ገጽ ላይ ራሳችሁ አረጋግጡ። ምክሩን ከወሰዳችሁ በኋላ ሌላ ቦታ ለመግዛት ከወሰናችሁ ደግሞ ፊት ለፊት ንገሩት፤ ለደከመበትም ክፈሉት።

ለእናት፣ ለአያት፣ ወይም መጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ስትቆርጡ ግን ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። መንገድ ላይ ቢበላሽ ለማን ይደወላል? መልሱ “ለእኔ” ከሆነ፣ ወኪሉ እናንተ ሆናችኋል ማለት ነው። እንግዲያው ሥራውን ሙሉውን ሥሩት፤ ሰዓቱን፣ ሻንጣውን፣ ወንበሩን፣ መሸጋገሪያውን። የማትችሉት ከሆነ ለሚችለው ስጡና ዋጋውን ክፈሉ።

እማዬ ከስድስት ወር በኋላ ልትመለስ ሲል ቀኑ መለወጥ ነበረበት። በዚህ ጊዜ እህቴ ስትጨርሰው ለእኔ ላከችልኝ፤ እኔም ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ቢሮ ሄድኩ፤ የአገልግሎታቸውንም አስቀድሜ ከፈልኩ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ።

“በል ንገረኝ፣ ልትቀበላት ቦሌ የምትሄደው መቼ ሌሊት ነው?”

“እሁድ ለሰኞ አጥቢያ” አልኳቸው።